የጨርጨርን ድንጋይ ማን ይመልከተው?

ቅሪተ አካል የአፋር ነው፤ ፍለጋውም የፕሮፌሰር ሥራ ነው፤ ተራው ሰው ቢነካው ያበላሸዋል፣ ቦታውን ቢያውቅ ይዘርፈዋል። ይህ አስተሳሰብ በየትኛውም መመሪያ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ሆኖም በባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍሎችና ስለ ቅርስ በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ ከተጻፈ ሕግ ባላነሰ ኃይል ሲሠራበት ኖሯል። ቅርስ በተነሣ ቁጥር አፍ የሚቀናው ለሐውልት፣ ለግንብና ለጀጎል ነው። ሰው ከመገኘቱ አስቀድሞ ተፈጥሮ በድንጋይ ላይ የተወችው ታሪክ ግን ወይ ለምርምር ጉዞ ቡድን ይጣላል፣ ወይ ከነጭራሹ ይዘነጋል። አስተሳሰቡ ላይ ላዩን ጥንቃቄ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገለጥ ግን ሕዝብን አለማመን ሆኖ ይገኛል።

በደሳን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የከተማዋ ስም ኦሮሞው በደሳ፣ አማርኛ ተናጋሪው ዶቅማ የሚለው ዛፍ ስም ነው። ቡናዋን ነጋዴው ያውቃል፤ ጫቷን ሾፌሩ ያውቃል። ዛፉም፣ ቡናውም፣ ጫቱም የቆመበትን መሬት ዕድሜ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ተማሪው ስለ ጁራሲክ ዘመን በመጽሐፍ ያነባል፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ዛጎል ከባሕር ማዶ የተገኘ ነውና ጁራሲክ የሰው አገር ነገር መስሎት ያድጋል። በትምህርት ቤቱ አጥር የተደረደረውን ነጣ ያለ ድንጋይ ቀረብ ብሎ እንዲያይ ያዘዘው የለም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከበደሳ በገለምሶ በኩል ወደ መቻራ የሚወስደውን አገር መከተል ይበጃል። በመቻራ አካባቢ አቸሬንና ሩኬሳን የመሳሰሉ ዋሻዎች አሉ። እነዚህ ዋሻዎች የተፈለፈሉት በሰው እጅ ሳይሆን ውኃ የኖራ ድንጋይን በዘመናት ብዛት አሟሙቶ ነው። የኖራ ድንጋዩ ራሱ ደግሞ የባሕር ሥራ ነው። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከምሥራቅ የገባ ባሕር ዛሬ ሐረርጌ የሚባለውን ምድር ሸፍኖት ነበር፤ በወለሉም ላይ የዛጎል፣ የዛጎል ስብርባሪና የኖራ ጭቃ ተነባብሮ ድንጋይ ሆነ። ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ ሥነ ምድር አዋቂ እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር በትግራይ ሲያልፍ በሕንጣሎ አይቶ የአንታሎ ድንጋይ ብሎ የሰየመው ንጣፍ የዚሁ ባሕር ዘመድ ነው። እንግዲህ የትግራዩ ድንጋይ ከጦር ጋር ባለፈ እንግዳ እጅ ስም ሲያገኝ፣ የጨርጨር ገበሬ በዚያው ዓይነት ድንጋይ ላይ ሲያርስ፣ ሲክብና ቤት ሲሠራ ኖሯል። አስፋወሰን አስራትን የመሳሰሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመቻራ ዋሻዎች የጠብታ ድንጋይ የጥንቱን ዝናብ ታሪክ አንብበዋል፤ ጽሑፎቻቸውም በዓለም መጽሔቶች ወጥተዋል። ከእነዚያ ጽሑፎች ስንቱ ወደ ገለምሶ ትምህርት ቤት ተመልሶ መጥቷል? ጥያቄው ለተመራማሪዎቹ የቀረበ ክስ አይደለም። እነሱ ሥራቸውን ሠርተዋል። መልእክቱን ተቀብሎ በሕዝቡ ቋንቋ የማድረሱ ግዴታ የመምህሩና የባህል ሠራተኛው ነበር።

«እዚህ ምን አለ?» የሚሉ ሰዎች ከደጋው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዋሽ ቆላ አሻግረው ቢመለከቱ አፋቸውን ይይዛሉ። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በደቡብ አፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ፣ ቾሮራ የሚባል ስፍራ አለ። ዚከንበርግና ሸንፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 የዚህን ስፍራ ጥንታዊ የሐይቅ ደለል በዚሁ ስም አስተዋውቀውት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የዓለም ዓይን ወደ ሐዳርና ወደ መካከለኛው አዋሽ ዞሮ ቾሮራ ለብዙ ዓመታት በጥቂት ሰዎች ብቻ የሚታወቅ ስም ሆኖ ቆየ። በ1998 ዓ.ም. የካቲት ወር ብርሃነ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ጃፓናዊው ገን ሱዋ ያሉበት ቡድን ሲያስስ፣ ካምፒሮ ካይራንቶ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የቅሪተ አካል ፈላጊ አንድ የውሻ ክራንቻ ጥርስ ከመሬት ላይ አዩ። ጥርሱ የውሻ አልነበረም፤ የትልቅ ዝንጀሮ ወገን፣ የጎሪላ ዘመድ የመሰለ ፍጡር ጥርስ ነበር። በኋላ ከተገኙት መንጋጋ ጥርሶች ጋር ዘጠኝ ሆነ። ቢያንስ የሦስት ግለሰቦች ናቸው። ፍጡሩም በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ወር «ቾሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ» ተብሎ ለዓለም ተነገረ። ከዚሁ ደለል የተገኘ አንድ ጥንታዊ የጉማሬ ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 «ቾሮራቴሪየም ሮቢ» ተብሏል። ሮቢ በኦሮምኛ ጉማሬ ማለት ነው። የኦሮምኛ ቃል በዓለም የሳይንስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ቃሉን ከእናቱ የተማረው የጨርጨር ልጅ ይህን ሳይሰማ ቀርቶ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ የካምፒሮ ካይራንቶን ዓይን ማሰብ ያስፈልጋል። ያ ጥርስ የተገኘው በመሣሪያ አይደለም፤ አጥንትን ከጠጠር፣ ጥርስን ከባልጩት በአንድ እይታ መለየት በለመደ ዓይን ነው። ይህ ዓይን በዲግሪ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ የምርምር ቡድኖች ሁሉ የአገሬውን ሰው እያሰለፉ ባልሄዱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የካቲት ወር በአፋር ወራንሶ ሚሌ አሊ በሪኖ የተባሉ የአካባቢው ፍየል አርቢ አንድ የላይኛ መንጋጋ ቁራጭ አይተው ለዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ቡድን አስታወቁ። ቡድኑም ቦታው ድረስ ሄዶ ቀሪውን የራስ ቅል በጥቂት ሜትሮች ርቀት ውስጥ አገኘ። የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ይህ የራስ ቅል በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ሲገለጽ የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ፊት ለፊት አወጡት። አርብቶ አደሩ ቁራጩን ኪሳቸው ከትተው፣ ወይም ምንም አይደለም ብለው ትተውት ቢሄዱ ኖሮ አዋቂ የተባለው ሁሉ ባዶ እጁን በቀረ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሐቅ ሲሸሹ መኖራቸው ግልጽ ነው። ከድሬዳዋ ከተማ አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ፣ በአማርኛ የጃርት ዋሻ ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በቴያር ደ ሻርደንና በሄንሪ ደ ሞንፍሬ «እንደተገኘ» በየመጻሕፍቱ ይነበባል። ቴያር ደ ሻርደን ቄስና የቅሪተ አካል ሊቅ ነበር። ደ ሞንፍሬ ግን ማን ነበር? በቀይ ባሕር የጦር መሣሪያና ሐሺሽ ያሻገረ ኮንትሮባንዲስት፣ በኋላም ጀብዱውን በመጽሐፍ የሸጠ ሰው ነው። በሥነ ቅሪተ አካል ረገድ ከአማተር የሚያልፍ ማዕረግ አልነበረውም። ታዲያ ለፈረንሳዊው ኮንትሮባንዲስት አማተርነቱ ክብር ሲሆን፣ ለበደሳ መምህርና ለጨርጨር እረኛ እንዴት ወንጀል ይሆናል? ዋሻውን ከእነሱ በፊት ዝናብ የተጠለለበት እረኛ፣ ፍየሉን ያሳደረበት ገበሬ ሁሉ ያውቀው ነበር። በሐረርጌ ኦሮሞ አነጋገር ዋሻ ጎዳ ይባላል፤ በጎዳ የሚጀምሩት የቦታ ስሞች በሙሉ ቢለቀሙ ራሳቸው የዋሻ ካርታ ይሆናሉ። ይህን ካርታ ለመሥራት ከእርሳስና ከደብተር በቀር ምን ያስፈልጋል?

በአውሮፓም ቢሆን የዚህ ሙያ መሠረት የተጣለው በሊቃውንት እጅ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ በላይም ሬጂስ ከተማ ሜሪ አኒንግ የተባለች የአናጢ ልጅ (1799–1847) ማዕበል ካፈረሰው ገደል ሥር ዛጎልና አጥንት እየለቀመች፣ እየሸጠችም፣ በ1823 የፕሌዚዮሰርን ሙሉ አጽም አወጣች። ሴትና ድኻ በመሆኗ የለንደኑ የሥነ ምድር ማኅበር በሩን አልከፈተላትም፤ ሊቃውንቱ ግን ከእሷ ገዝተው በስማቸው ጻፉ። ይህ ታሪክ ሲነገር ሁለት ነገር አብሮ መነገር አለበት። አማተር ዓይን ሊቅ የማያየውን ያያል፤ ግኝቱ ሸቀጥ ሲሆን ግን ተጠቃሚው ፈላጊው አይሆንም። የአውሮፓ የትርፍ ጊዜ ለቃሚ መዶሻውን ይዞ ወጥቶ ያገኘውን በመስታወት ሣጥን አድርጎ ሳሎኑን ያስጌጥበታል። ይህን ልማድ እንዳለ ገልብጦ ወደ ሐረርጌ ማምጣት የሚሹ ካሉ ይህ ጽሑፍ የእነሱ ጠበቃ አይደለም።

ምክንያቱም የተቃራኒው ወገን አንድ ጠንካራ ነጥብ አለው፤ ነጥቡንም ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። ቅሪተ አካል ከተኛበት ንጣፍ ሲለይ ግማሽ ነፍሱን ያጣል። የቾሮራ ጥርሶች ሲገለጹ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 10.5 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ጥርሶቹ የወጡበትን ደለልና በመካከሉ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ እንደገና መርምረው በ2008 ዓ.ም. ዕድሜው 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አሳወቁ። የሁለት ሚሊዮን ዓመት እርማት ቀላል አይደለም፤ የሰውና የጎሪላ ዘር ስለተለያየበት ዘመን የሚደረገውን ክርክር ይነካል። እርማቱ የተቻለው ቦታው በትክክል ስለተመዘገበ ነው። ያ ጥርስ በአንድ ሰው ኪስ አሰበ ተፈሪ ገበያ ደርሶ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ያለ ላቦራቶሪ ሁሉ ተሰብስቦ ዕድሜውን ሊነግረን ባልቻለ። ስለዚህ ተቃዋሚዎች «አትንኩ» ሲሉ ልክ ናቸው። «አትዩ» ሲሉ ግን ተሳስተዋል። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ማጥፋታቸው ነው መላውን ሕዝብ ከጨዋታው ያስወጣው።

ሕጉም ቢሆን የሚደግፈው እነሱን አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የተፈጥሮን አዝጋሚ ለውጥ የሚመሰክሩ ነገሮችን በቅርስ ትርጉም ውስጥ አስገብቷል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ማሰስንና መቆፈርን ከልክሏል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ ግኝቱን ባለበት ጠብቆ እንዲያቆይ ግዴታ ጥሏል። መንገድ ሲሠራ፣ ቤት ሲታነጽ፣ ማዕድን ሲወጣ የሚያጋጥመውንም ጠቅሷል። እንግዲህ ይጠየቅ፦ አይቶ የማያውቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ያስታውቃል? የድንጋይ ካባ ውስጥ የሚሠራው ወጣት የተጠማዘዘውን ዛጎል ከተራ ድንጋይ ካልለየው በመዶሻው ብሎ ይፈረካክሰዋል፤ ሕጉንም ሳያውቅ ይጥሳል። አዋጁ የሚያይ ሕዝብ እንዲኖር አስቀድሞ ይገምታል። የሚያይ ሕዝብ የሚፈጠረው ደግሞ በማስተማር እንጂ ቦታ በመደበቅ አይደለም።

ታዲያ የት ይታይ? ከሁሉ በፊት ድንጋይ ሁሉ አንድ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። ብዙውን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ በመሆኑ በእሱ ውስጥ ዛጎልና አጥንት መፈለግ ከባዶ ጎተራ እህል እንደ መዛቅ ነው። ዓይን መዞር ያለበት ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ወደሚወጣው፣ በሸለቆና በገደል አፋፍ ንብርብሩ ወደሚታየው ነጭ፣ ግራጫ ወይም ቢጫማ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ መሆኑን ለማረጋገጥ ከወዳደቀው ስባሪ ጥቂት ዱቄት ፍቆ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ይህን ለማድረግ ላቦራቶሪ የለንም ብሎ የሚያመካኝ መምህር አይኖርም።

ንጣፉ ከታወቀ በኋላ የሚመረጠው አፈርና ቅጠል ያልሸፈነው፣ አዲስ የተጋለጠ ስፍራ ነው። መንገድ ሲቀደድ ግራና ቀኝ የቆመው ግድግዳ፣ ጎርፍ የበላው ሸለቆ፣ ወንዝ የቆረጠው ዳርቻ፣ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ፣ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር የወጣ ክምር፣ እርሻ ዳር የተከመረ የድንጋይ ካብ፣ አሮጌ አጥር። ከእነዚህ ሁሉ ካቡና አጥሩ ለጀማሪ የተሻሉ ናቸው። ድንጋዩ ቀድሞውኑ ከቦታው ተነሥቷልና ማየቱ የሚያጠፋው ነገር የለም፤ ዝናብና ፀሐይም የዛጎሉን መሥመር ለዓይን አውጥተውታል። ገደል ሥር መቆም ግን ክልክል መሆን አለበት። ወቅቱም ይመረጣል። ክረምቱ ያጠበው መሬት በመስከረምና በጥቅምት አዲስ ገጽ ያሳያል፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስታበራም ጥላው የቅርጹን ጠርዝ ያጎላዋል። እኩለ ቀን ላይ ዛጎሉም ድንጋዩም አንድ ይሆናሉ።

በእንዲህ ያለ የባሕር ድንጋይ ውስጥ ሊታይ የሚችለው ሁለት ክፋይ ያለው ዛጎል፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለው አሞናይት፣ የባሕር ጃርትና የኮራል ስብርባሪ ነው። የሰው አጥንት፣ የዝሆን ጥርስ አይጠበቅም፤ ያ የቆላው የሐይቅ ደለልና የዋሻ ወለል ነገር ነው። ስለዚህም ዋሻና የቆላ ደለል ለአማተር የተከለከለ ወሰን ሊሆን ይገባል። በዋሻ ውስጥ አንድ ጫማ ብቻ የሺህ ዓመታትን አፈር ያደባልቃል፤ ለመታሰቢያ የተሰበረ አንድ የጠብታ ድንጋይም ተመራማሪ ሊያነበው የነበረን የዝናብ መዝገብ ያጠፋል። በየዋሻው ግድግዳ ላይ ስሙን የሚቸከችክ ጎብኚ ከዘራፊው በምን እንደሚሻል ለመናገር ያስቸግራል።

ያየውን ሰው ቀሪው ሥራ መመዝገብ ነው። ቀን፣ የቀበሌው ስም፣ የአካባቢው ሰው ለስፍራው የሰጠው ስም፣ ከወንዝ ወይም ከመንገድ ያለው ርቀት፣ ድንጋዩ ከንብርብሩ ላይኛ ወይስ ታችኛ ክፍል መሆኑ ይጻፋል። በአጠገቡ እስክሪብቶ ተጋድሞ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ዛሬ ከኪስ የማይጠፋው ስልክ ቦታውን ጭምር ይመዘግባል። ከዚያም ወደ ወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይላካል። ተማሪዎችን አሰልፎ በየሸለቆው መዞር ያሰበ ትምህርት ቤት ደግሞ አስቀድሞ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ይስማማ። ጽሕፈት ቤቱስ? የመጣለትን ደብተር መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ከሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። ወደ ባለሥልጣኑ ማስተላለፍ፣ መልሱንም ለላከው መምህር መመለስ አለበት። አንድ ጊዜ ጽፎ መልስ ያጣ መምህር ሁለተኛ አይጽፍም።

አማተር የሚለው ቃል እንግዳ የሚሆንባቸው የኪነ ጥበብ ሰዎች ይኖራሉ ተብሎ አይታሰብም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች በአማተሮች የቆሙ ነበሩ። የዚያ ዘመን ብዙ ነገሩ የሚያወቅስ ነው፤ ሙያ የባለሙያ ርስት አይደለም የሚለው አቋሙ ግን አልሳተም። ከሥራ በኋላ የሚዘፍነውን አናጢ «ለዘፋኝ ተውለት» ያለው አልነበረም። ከሥራ በኋላ ድንጋይ የሚመለከተውን መምህር ዕብድ ወይም ወርቅ ፈላጊ አድርጎ ማየትስ ከየት መጣ?

ሠዓሊውና ቀራጺውም ቢሆኑ ከጉዳዩ ውጭ አይደሉም። በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ የምትታየው ድንቅነሽ ቅጂ ናት፤ እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ ተከልሎ ተቀምጧል። በዚህ ማንም አላፈረም፤ ማፈርም አይገባም። ግን ቅጂ ከሆነ አዲስ አበባ ብቻ ለምን ይቆማል? የቾሮራ ጥርሶች ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም አንድ መዳፍ ላይ ይይዛሉ። የእነዚህን ቅጂ ሠርቶ በአሰበ ተፈሪ፣ በበደሳ፣ በገለምሶና በሒርና ትምህርት ቤቶች ማኖር የጀሶ፣ የሙጫና የጥቂት ቀን የቀራጺ ድካም ነው። ከጎኑ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መግለጫ፣ የጥንቱን የቾሮራ ሐይቅ ከነጉማሬው የሚያሳይ አንድ ሥዕል ይቀመጥ። ሥዕሉን ለመሣል የሚበቁ ሠዓሊዎች አሉ። ቅጂው እንዲሠራ በሙዚየሙና በተመራማሪዎቹ ዘንድ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት የዞኑ የባህል ክፍል ነው፤ ለደብዳቤው የሚያስፈልገውም አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው።